የቆዳ ዓምድ፦ ስለ ሴሉላይት ለጠየቃችሁን

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች የሚበዙት በጭን፣ በዳሌና በመቀመጫ ላይ ስለሚወጣው ስርጉድና ወጣ ገባ ቆዳ፣ ማለትም ስለ ሴሉላይት፣ የሚጠይቁ ናቸው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን፣ ስም ትተን ሰፈር ብቻ አስቀርተን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 34 ነው፤ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ክብደቴ 62 ኪሎ ስለሆነ ወፍራም የምባል አይደለሁም። ሁለተኛዋን ከወለድኩ ወዲህ ግን የጭኔ ጀርባ ጎርበጥባጣ ሆኗል። አንድ የውበት ሳሎን አሥር ጊዜ በማሽን ከተሠራሁ «ከነሥሩ ይጠፋል» ብሎኝ ቀብድ እየጠበቀ ነው። ማሽኑ ቆዳውን እየሳበ ያሞቃል አሉኝ። ልክፈል ወይስ ይቅርብኝ? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ቀብዱን ለጊዜው ያቆዩት። ከነሥሩ ይጠፋል የሚል ሰው ሥሩ የት እንዳለ አያውቅም ማለት ነው። ሴሉላይትን ጨርሶ የሚያጠፋ ማሽን የለም። መልኩን የሚቀንሱ አሉ፤ እነሱም የሚሠሩት ለሚገባው ዓይነት ሲውሉ ነው።

ከቆዳችን በታች ያለው ስብ በትንንሽ ክፍል ተከፋፍሎ ይቀመጣል። ክፍሎቹን የሚለያዩት ከቆዳው ሥር ተነሥተው ጡንቻውን እስከሸፈነው ስስ ሽፋን የሚወርዱ ማያያዣ ክሮች ናቸው። በሴት ላይ ክሮቹ አብዛኛውን ጊዜ ቀጥ ብለው ስለሚወርዱ ስቡ በመካከላቸው ወደ ላይ ይገፋል፤ ክሩ የያዘው ነጥብ ደግሞ እንደ ጥጥ ፍራሽ ስፌት ወደ ውስጥ ይጎተታል። በወንድ ላይ ክሮቹ ተጠላልፈው ስለሚሄዱና ቆዳውም ወፈር ስለሚል ስቡ እንዲህ አይገፋም። ለዚህ ነው ከጉርምስና ካለፉ ሴቶች ከ80 እስከ 90 በመቶ በሚሆኑት ላይ በተለያየ መጠን የሚታየው፣ ቀጫጭኖቹ ላይ ሳይቀር።

አሁን ራስዎን ይመርምሩ። መብራቱ ከላይ የሚመጣ ክፍል ውስጥ ለመስታወት ጀርባዎን ሰጥተው፣ መቀመጫዎን ሳያጠብቁ ይቁሙ። ኑርንበርገርና ሙለር እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጡት አመዳደብ እስከ ዛሬ ይሠራበታል፦ ሲቆሙም ሲተኙም የማይታይ፣ ቆንጠጥ ሲደረግ ብቻ ብቅ የሚለው 1ኛ ደረጃ ነው፤ ሲቆሙ በግልጽ ታይቶ ሲተኙ የሚጠፋው 2ኛ፣ ተኝተውም የሚታየው 3ኛ። ቀጥሎ መዳፍዎን ከመቀመጫዎ ሥር አድርገው ቆዳውን ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ ሳብ ያድርጉት። ወጣ ገባው አብሮ ከተስተካከለ ዋናው ችግር የቆዳ መላላት ነው፤ ከእርግዝና በኋላ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመውም ይኸው ነው። ቆዳው ተስቦ እንኳ ለብቻቸው ጎድጉደው የቀሩ ስርጉዶች ካሉ ግን ክር ይዟቸዋል።

ይህን ልዩነት የምናጠብቀው የገንዘብዎ ዕጣ የሚወሰነው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። ሳሎኑ ያቀረበልዎ ከአገላለጽዎ ሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ (ቆዳን በኤሌክትሪክ ሞገድ ማሞቅ) ከመሳቢያ ጋር የተጣመረበት ማሽን ይመስላል። ሙቀቱ ኮላጅንን፣ ማለትም ቆዳውን አጥብቆ የሚይዘውን ፕሮቲን፣ በመጠኑ ያጠብቃል፤ መሳቡ ደግሞ የተጠራቀመ ፈሳሽ ያንቀሳቅሳል። ክር አይቆርጥም። ስለዚህ ለላላ ቆዳና ለስላሳ ሞገድ መሰል ወጣ ገባ መጠነኛ ለውጥ ያመጣል፤ ጥልቅ ስርጉድ ላይ አሥር ጊዜ ቢሠራም ሃያ ጊዜ ቢሠራም እዚያው ነው።

በትክክል ሲሠራ እንዲህ ነው። ከመጀመሪያው በፊት ፎቶ ይነሣል። የሚሠራው ቦታ ከመዳፍ ብዙ በማይበልጥ ክፍል ይከፈልና ጄል ወይም ግሊሰሪን ይቀባል። የማሽኑ እጅ ሳይቆም እየተንቀሳቀሰ የቆዳው ገጽ ከ40 እስከ 42 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፤ በዚያ ሙቀት ለተወሰኑ ደቂቃዎች ይቆያል። ሙቀቱ የሚታወቀው በግምት ሳይሆን በቴርሞሜትር ነው፤ ማሽኑ ላይ ከሌለ ለብቻው የሚያዝ የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ይበቃል። ከ43 ካለፈ ይቆማል። በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ከ4 እስከ 6 ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሠራል። ቆዳው ኮላጅን የሚሠራው ቀስ ብሎ ስለሆነ ውጤቱ የሚመዘነው ከመጨረሻው ዙር ሁለት ሦስት ወር በኋላ ነው። ከዚያ በኋላም በየጥቂት ወሩ ካልተደገመ ይመለሳል። «አሥሩን በአሥር ቀን እንጨርስልሽ» ካሉዎት የሚፈልጉት ገንዘቡን ቶሎ መጨረስ ነው። በማግሥቱ የሚያዩት መወጠር አብዛኛው እብጠት ነው፤ በቀናት ውስጥ ይወርዳል።

የሚበላሸው የት ነው? ቃጠሎ የሚመጣው የማሽኑ እጅ አንድ ቦታ ሲቆም፣ ጄሉ ሲደርቅ፣ ወይም ጠርዙ ከቆዳው ተነሥቶ ግማሹ ብቻ ሲነካ ነው። ከዳሌ ጎንና ከጉልበት አጠገብ፣ አጥንት በቀረበበት ሁሉ፣ ይበልጥ ይጠንቀቁ። ማደንዘዣ ክሬም ከተቀቡ መቃጠልዎን ስለማያውቁት አይቀቡ። «አቃጠለኝ» ሲሉ «ትንሽ ታገሺ» የሚል ሠራተኛ ካለ ተነሥተው ይሂዱ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ደግሞ ከነበረበት መቀጠል የለም፤ ልኩ ከዝቅተኛው እንደገና ይጀመር። መሳቢያው ከበረታ ደም ይቋጥራል፤ የደም ሥር ያበጠበት ቦታ ላይ ጭራሽ አይሠራም። ነፍሰ ጡር፣ ፔስሜከር (የልብ ምት ማስተካከያ) የተተከለላት፣ በሚሠራበት አካባቢ ብረት ያለባት ሴት አትሠራውም። ሉፕ ያለዎትም አስቀድመው ይንገሩ።

ለእኛ አንድ መልካም ነገር አለው፦ ሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ የቆዳ ቀለምን አይለይም። ሙቀቱ የሚመጣው ከኤሌክትሪክ እንጂ ከብርሃን ስላልሆነ ጠቆር ያለ ቆዳን ለብቻው አያጠቃም። አይ ፒ ኤል የሚባለው የብርሃን ማሽን ግን ለሴሉላይት አይጠቅምም፤ በጠቆረ ቆዳ ላይም ጠባሳ የመተው አደጋው ትልቅ ነው። ሁለቱን አንድ አድርገው የሚያወሩ ሳሎኖች ስላሉ የማሽኑን ስምና ሞዴል በጽሑፍ ይቀበሉ፤ በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የተመዘገበ መሆኑንም ይጠይቁ።

ቆዳው ላልቶብኛል ብለው ከወሰኑ በየዙሩ ይክፈሉ፤ ጥቅሉን በአንዴ አይግዙ። ፎቶውን በራስዎ ስልክ፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ መብራት፣ በአንድ ርቀት፣ ያለ ፍላሽ ያንሡ። ከፊት የሚመጣ ፍላሽ ጥላውን ስለሚያጠፋ ማንኛውንም ስርጉድ «ይፈውሳል»፤ ሳሎኖች ግድግዳ ላይ የሚሰቅሉት የ«በኋላ» ፎቶ ብዙ ጊዜ ምስጢሩ ይኸው ነው። ከአራተኛው በኋላ ልዩነት ካላዩ ያቁሙ።

ጥያቄ፦ 19 ዓመቴ ነው፣ ተማሪ ነኝ። 50 ኪሎ ነኝ፣ ግን ጭኔ ላይ ስርጉድ አለ። የዶርም ጓደኞቼ የቅባት ምግብ ስለምወድ ነው ይሉኛል። በሽታ ነው? (ከስድስት ኪሎ)

መልስ፦ በሽታ አይደለም፤ ቅባት በላሽ ብሎም አይመጣም። ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ሥራ ሲጀምር የሚመጣ የሴት አካል አሠራር ነው። እናትሽ ወይም አክስቶችሽ ካላቸው አንቺም ሊኖርሽ ይችላል። በዚህ ዕድሜ መርፌም ማሽንም አንመክርሽም። የመቀመጫና የጭን ጡንቻ ሲጠነክር ላዩ ትንሽ ለስለስ ይላል፤ ማለዳ መስቀል አደባባይ ደረጃውን ከሚወጡት ከሚወርዱት ጋር በሳምንት ሦስት ቀን ተቀላቀይ፤ ቁጭ ብድግም ጨምሪበት። ክብደት ለመቀነስ ግን አትጹሚ። በፍጥነት የከሳ ሰው ቆዳው ይላላና ስርጉዱ ይብስበታል። ለጓደኞችሽም የራሳቸውን ጭን ከላይ በሚመጣ መብራት እንዲያዩት ንገሪያቸው።

ጥያቄ፦ መቀመጫዬ ላይ በግራና በቀኝ ስድስት ሰባት ጥልቅ ስርጉዶች አሉ፤ ስሳብም አይጠፉም። ክሩን በመርፌ ቆርጦ የሚለቅ ሕክምና እንዳለ ሰማሁ። ያማል? ጠባሳ ይተዋል? ጠቆር ያልኩ ነኝ፤ ትንሽ ስጫር እንኳ ለወራት ይጠቁርብኛል። (ከፒያሳ)

መልስ፦ ሰብሲዥን ይባላል። ለእርስዎ ዓይነት ለይቶ ለሚታይ ስርጉድ ካሉት ሁሉ ምክንያቱን በቀጥታ የሚነካው እሱ ነው። ሴልፊና የተባለው መሣሪያ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2015 የተፈቀደው ይህንኑ ሥራ በልኩ ለመሥራት ነው፤ ቆዳውን በመሳቢያ ይዞ በ6 ወይም በ10 ሚሊ ሜትር ጥልቀት በስስ ስለት ይቆርጣል። ውጤቱ በዓመታት የሚቆጠር ነው፤ የተቆረጠ ክር ቶሎ አይመለስምና። መሣሪያው በሌለበት ሐኪሙ በእጅ ይሠራዋል፤ የሚበዛውም እሱ ነው።

አሠራሩን ማወቅዎ ጥሩና መጥፎውን ለመለየት ይረዳዎታል። ምልክት የሚደረገው ቆመው ሳሉ ነው። ተኝተው ምልክት ሊያደርግ የሚነሣ ሐኪም ካጋጠመዎ ያስቁሙት፤ ሲተኙ ስርጉዱ ቦታ ይቀይራል ወይም ይጠፋል። ከዚያ ይተኛሉ፣ ቦታው ይጸዳል፣ ሊዶኬይን ከአድሬናሊን ጋር ይወጋል። ማደንዘዣው ራሱ ያማል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰማዎት መጎተትና የክር መበጠስ ድምፅ ብቻ ነው። ጫፉ የሚቆርጥ መርፌ ከስርጉዱ ራቅ ብሎ ይገባና ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ከቆዳው ጋር ትይዩ ሆኖ በማራገቢያ መልክ ወዲያና ወዲህ ይሄዳል። ሐኪሙ በየመሃሉ ቆዳውን ቆንጥጦ ያያል፤ የያዘው ክር ብቻ ይቆረጣል። መጨረሻ ላይ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ በኃይል ይጫናል።

የማደንዘዣው ልክ ቀልድ የለበትም። ከአድሬናሊን ጋር የሚሰጥ ሊዶኬይን የተለመደው ጣሪያ በኪሎ 7 ሚሊ ግራም ነው፤ 60 ኪሎ ለሆነች ሴት 420 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 1 በመቶ ከሆነው 42 ሚሊ ሊትር። «ሁሉንም ዛሬ እንጨርሰው» የሚል ችኮላ ይህን ሊያሳልፍ ይችላል። በሥራው መካከል ምላስዎ ከደነዘዘ፣ ጆሮዎ ከጮኸ ወይም አፍዎ ብረት ብረት ካለ ወዲያው ይናገሩ።

ጠባሳ ያሉት የመርፌው ቀዳዳ ነጥብ ነው፤ በአብዛኛው ሰው ላይ አይታይም። ኬሎይድ ያለበት ሰው ግን፣ ለምሳሌ ጆሮው ሲበሳ እንቡጥ ያወጣ፣ አይሠራው። የእርስዎ ትልቁ ሥጋት ሌላ ነው። ደም መቋጠር እዚህ ላይ አይቀሬ ነው፤ እንዲያውም የተቋጠረው ደም ክፍተቱን እየሞላ አዲስ ሥጋ እንዲሠራ ይረዳል። ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይቆያል። ከደሙ የተረፈው ብረት ቆዳው ውስጥ ሲቀር ቡናማ ምልክት ይሆንና ወራት ይፈጃል፤ በእኛ ቆዳ ላይ ደግሞ የቁስለቱ ጥቁረት ይደረብበታል። የስርጉድ ጥላ የሚታየው መብራት ከላይ ሲመጣ ነው፤ ጥቁር ነጥብ ግን በየትኛውም መብራት ይታያል። ይህን አመዛዝነው ይግቡ። አንድ ጥሩ መንገድ አለ፦ ብዙም ከማይታየው ጎን አንድ ወይም ሁለት ስርጉድ ብቻ አስቆርጠው ሦስት ወር ይጠብቁ። ካልጠቆረ ቀሪውን ይቀጥሉ። ይህን ሐሳብ የማይቀበል ሐኪም ብዙም አያጋጥምዎትም፤ ካጋጠመዎ ሌላ ይፈልጉ።

ከመሠራትዎ አንድ ሳምንት በፊት አይቡፕሮፌን፣ ቫይታሚን ኢ እና የነጭ ሽንኩርት እንክብል ያቁሙ። አስፒሪን ለልብ ወይም ለደም ዝውውር የታዘዘልዎት ከሆነ ግን ያዘዘልዎ ሐኪም ሳያውቅ አያቁሙ። ለደም ማነስ ብረት የሚወስዱ ከሆነም ይናገሩ። ከተሠሩ በኋላ ጥብቅ ቁምጣ ታይት ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይለብሳሉ፤ በዚያው ቀን በእግር መሄድ ይቻላል፣ ለሁለት ሳምንት ግን ሩጫና ስቲም ይቅር። የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ከመጠን በላይ ሲቆረጥ ነው፤ ክሩ ሁሉ ሲለቀቅ ስቡ ተገፍቶ እብጠት ይሠራል፣ ቆዳውም ይወርዳል። የላላ ቆዳ ያላቸው ሴቶች ላይ ይህ ይበረታል። ከጥቂት ቀን በኋላ የሚሞቅ፣ የሚቀላ፣ ትኩሳት ያለው እብጠት ኢንፌክሽን ነው፤ በዚያው ቀን ይታዩ። ጠጠር ያለ ግን የማይሞቅ እብጠት የረጋ ደም ነው፤ ቀስ ብሎ ይሟሟል።

ይህ የውበት ሳሎን ሥራ አይደለም። የቆዳ ሐኪም በጥቁር አንበሳም በአለርትም አለ፤ በግል ክሊኒክ ከሆነ የሐኪሙንም የክሊኒኩንም ፈቃድ ይዩ።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ያለች የአጎቴ ልጅ ስርጉድን የሚያሟሟ መርፌ በሻንጣ ላምጣልሽ ትለኛለች። ክዎ ይባላል። እዚህ የሚወጋኝ ነርስ አለ። (ከሜክሲኮ አካባቢ)

መልስ፦ አታምጣው። ክዎ ክሮቹ የተሠሩበትን ኮላጅን የሚቆርጥ ኤንዛይም ነው፤ በአሜሪካ ለመቀመጫ ሴሉላይት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 ተፈቅዶ ነበር። በየ21 ቀኑ ሦስት ጊዜ፣ በአንድ ጎን እስከ 12 ቦታ ይወጋ ነበር። ክሩን ይቆርጣል፣ ግን በሚወጋበት አካባቢ ያሉ ጥቃቅን የደም ሥሮችም ይጎዳሉና ከተወጉት የሚበዙት ክፉኛ በልዘዋል፤ ከፊሎቹ ላይ የቀረው ጥቁረትም ረጅም ጊዜ ቆየ። አምራቹ ኢንዶ በ2022 መጨረሻ ምርቱን እንደሚያቆም ያስታወቀው በዚህ የተነሣ ነው። ስለዚህ ዛሬ በሻንጣ የሚመጣው ወይ ጊዜው ያለፈበት ነው ወይ የውሸት ነው። እውነተኛው ቢሆን እንኳ በቅዝቃዜ የሚቀመጥ መድኃኒት ስለሆነ ከአየር ማረፊያ ወጥቶ እርስዎ ጋ እስኪደርስ ጥራቱን የሚያረጋግጥ የለም።

«ስብ አሟሚ» እየተባለ በብልቃጥ የሚሸጠው ሌላው መርፌም ከዚህ አይሻልም። ዲኦክሲኮሊክ አሲድ እ.ኤ.አ. በ2015 የተፈቀደው ለአገጭ ሥር ስብ ብቻ ነው። ጭን ላይ ሲወጋ ስቡን ወጣ ገባ አድርጎ ያቃጥልና በስርጉድ ላይ ስርጉድ ይጨምራል። ስብ መምጠጥም፣ ስብ ማቀዝቀዝም የሚቀንሱት መጠን ነው፤ ክር ስለማይነኩ ከሥሩ ስቡ ሲወጣ ስርጉዱ ጎልቶ የሚታይበት ጊዜ አለ።

ጥያቄ፦ የካፌይን ክሬም፣ የሬቲኖል ክሬም፣ የቡና አተላ፣ አንድ ሱቅ ደግሞ «ልዩ ድብልቅ» የሚለው ነጭ ቅባት። የትኛውን ልግዛ? (ከስታዲየም አካባቢ)

መልስ፦ በመጨረሻው እንጀምር፤ አይግዙት። ስም፣ የአምራች አድራሻና የይዘት ዝርዝር የሌለው ነጭ ድብልቅ ብዙ ጊዜ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን፣ ማለትም ስቴሮይድ አለበት። ፊት የሚያቀላው ይኸው ነው። ጭን ላይ ለወራት ሲቀባ ቆዳውን ያሳሳል፣ ሸንተረር ያወጣል፤ ቆዳው በሳሳ ቁጥር ከሥሩ ያለው ስብ ይበልጥ ይታያል። ያወጣው ሸንተረር ደግሞ ከሴሉላይቱ ይልቅ አስቸጋሪ ነው። አስቀድመው ሲቀቡ ከቆዩ በአንድ ቀን አያቁሙ፤ ሐኪም ይቀንስልዎ።

ካፌይን ከስብ ላይ ትንሽ ፈሳሽ ይቀንሳልና ላዩ ለሰዓታት ጠበቅ ይላል፤ ሲያቆሙ ያበቃል። ከጥቅሙ እኩሌታው ሲቀቡ የሚያደርጉት ማሸት ነው። የቡና አተላም ከዚህ አያልፍም፦ ካፌይኑ አብዛኛው ጀበናው ውስጥ አልቋል፤ አተላው የሞተ ቆዳ ያነሣል፣ ደም ያንቀሳቅሳል፣ ሻወር ቤቱን ያቆሽሻል። ደስ ካለዎት በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ሳይፈገፍጉ፣ በእርጥብ ቆዳ ላይ። ጠንክሮ መፈግፈግ ጥቁረት ያመጣል።

ጥቂትም ቢሆን ዘለቄታ ያለው ሬቲኖል ነው፤ የቆዳውን የላይኛ ክፍል በመጠኑ ስለሚያወፍር ስቡን ይሸፍናል። 0.3 በመቶ ይፈልጉ፤ ቢያንስ ስድስት ወር ያስፈልገዋል። ልኩን እንዲህ ያስሉ፦ ከሌባ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው አንጓ ተጨምቆ የሚወጣ ክሬም ግማሽ ግራም ገደማ ነው፤ ሁለት መዳፍ ስፋት ይቀባል። የአንድ ጭን ጀርባና መቀመጫ አራት መዳፍ ቢሆን አንድ ግራም፣ ሁለቱ ጎን ሁለት ግራም። 50 ግራም ቱቦ በ25 ቀን ያልቃል፤ ለስድስት ወር ሰባት ቱቦ ማለት ነው። ከመግዛትዎ በፊት ዋጋውን በሰባት ያባዙት። 30 ግራም ማሰሮ ገዝቶ «አልሠራልኝም» ማለት ለፊት የተሠራውን ለጭን አውሎ ማዘን ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንት አንድ ቀን እየዘለሉ ማታ ይቀቡ፤ ካላቃጠለ በየማታው። ካንገበገበና ከላጠ ያቁሙ፤ መቆጣቱ ራሱ ያጠቁራል። ያረገዘች፣ ለማርገዝ የምታስብ ወይም የምታጠባ ሴት ሬቲኖል አትቀባ።

ጥያቄ፦ በሳምንት አንድ ቀን ፍልውሃ እሄዳለሁ፤ ስወጣ ጭኔ ለስላሳ ይመስለኛል። ዋግምትስ ይጨምርበታል? (ከለገሃር)

መልስ፦ የሚመስልዎት ትክክል ነው፣ ግን የሚቆየው እስከ ማታ ነው። ሙቀቱ የደም ሥርን ይከፍታል፣ ቆዳው ትንሽ ያብጣል፣ ስርጉዱ ይሞላል። በማግሥቱ ቦታው ነው። ለድካምና ለጡንቻ ይሂዱበት። የደም ሥር ያበጠበት እግር ካለዎት ብዙ አይቆዩ።

ዋግምት በሁለት መልኩ ይለያል። ያለ ምላጭ፣ ዘይት ተቀብቶ በላስቲክ ኩባያ እየጎተቱ ማሸት ከመሳቢያው ማሽን ጋር አንድ ዓይነት ሥራ ነው፤ ፈሳሽ ያንቀሳቅሳል፣ ለአጭር ጊዜ። ኩባያው አንድ ቦታ ከቆመ ግን ክብ ደም ይቋጥራልና ክብ ጥቁረት ይተዋል፤ ሁልጊዜ ይንቀሳቀስ፣ የሚስበውም ቆዳ ከአንድ ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። በምላጭ እየበጡ ደም ማውጣት ለሴሉላይት ምንም አይሠራም፤ ምላጩ ወይም ኩባያው ከሌላ ሰው የተረፈ ከሆነ ሄፓታይተስ ቢ እና ኤች አይ ቪ ያስተላልፋል።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 41 ነው። ከወገቤ በላይ ቀጭን ነኝ፣ ከዳሌዬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ግን ሁለቱም እግሮቼ ወፍረዋል፤ ሲነኩኝ ያማል፣ ሳልመታ እበልዛለሁ። ብከሳም እግሬ አልቀነሰም። አንድ ስፓ «ከባድ ሴሉላይት» ብሎ ጠንካራ ማሳጅ እየሠራልኝ ነው። (ከተክለ ሃይማኖት)

መልስ፦ ማሳጁን ዛሬውኑ ያቁሙ። ሴሉላይት አያምም። የገለጹት ሊፔዲማ ከሚባለው ጋር ይገጥማል፤ እ.ኤ.አ. በ1940 በሕክምና መጽሔት የተገለጸ፣ በሴቶች ላይ በሁለቱም እግር እኩል የሚወጣ፣ በምግብ መቀነስ የማይበገር የስብ በሽታ ነው። ዋና ምልክቱ እግሩ ወፍሮ የእግር መዳፉ መትረፉ ነው፤ ቁርጭምጭሚት ላይ እንደ አምባር ክብ ይሠራና ከዚያ በታች እግርዎ እንደ ድሮው ነው። ዝሆኔ የምንለው ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ከእግር ጣትና ከመዳፍ ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል። ከአውራ ጣት ቀጥሎ ያለውን የእግር ጣት ከሥሩ ቆንጥጠው ይዩ፤ ቆዳው ወፍሮ አልቆነጠጥ ካለ የሊንፍ ፈሳሽ ተጠራቅሟል።

ጠንካራ ማሳጅ በቀላሉ የሚደሙ የደም ሥሮችን ይጎዳል። የሚረዳው በልክ የተሠራ ጥብቅ ካልሲ፣ በእግር መሄድ፣ ዋናና ቀላል የሊንፍ ማሳጅ ነው። የቆዳ ወይም የደም ሥር ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። አንድ እግር ብቻ በድንገት አብጦ ባትዎን ካመመዎ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ድንገተኛ ክፍል ይግቡ።

ጥያቄ፦ ሠርጌ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ለጫጉላ ላንጋኖ እንሄዳለን፣ መዋኘትም አለ። በዚህ ጊዜ ምን ይደርሳል? ሬቲኖል ጀምሬ ነበር፤ ካፌይን ልጨምርበት? (ከቸርችል ጎዳና)

መልስ፦ መርፌና መቁረጥ አይሞከርም፤ ደም ቋጥረሽ ትሄጃለሽ። ማሽንም ለመጀመሪያ ጊዜ አሁን አትሞክሪ። ሬቲኖሉን ላንጋኖ ከመሄድሽ ቢያንስ ሁለት ሳምንት በፊት አቁሚው፤ የሚላጥ ቆዳ ላይ በሰም ፀጉር መንቀልና የሐይቅ ፀሐይ አይገጥሙም። ካፌይኑን ማለዳ ማለዳ መቀባት ትችያለሽ፤ በምትዋኚበት ቀን ከመውጣትሽ አንድ ሰዓት በፊት አድርጊው።

እስከዚያ ድረስ ከሻወር ወጥተሽ ሳትደርቂ 10 በመቶ ዩሪያ ያለው ሎሽን ተቀቢ። ካላገኘሽ አንድ እጅ ግሊሰሪን በሁለት እጅ ውሃ ቀላቅዪ። የደረቀ ቆዳ ብርሃን ይሰብርና ጥላውን ያጎላል፤ የረጠበ ቆዳ ለስለስ ብሎ ይታያል። ውሃ የማያስለቅቀው የሰውነት ሜካፕ ከፈለግሽ ከጉዞው በፊት አንድ ቀን ሞክሪው፤ የሚሠራው ቀለምን ማስተካከል ነው እንጂ ስርጉድ አይሞላም። ፎቶ ስትነሺ ስርጉድን በጣም የሚያወጣው እኩለ ቀን ፀሐይ ከአናት ላይ ስትሆን ነው፤ ከሰዓት በኋላ ዘቅዘቅ ስትል ፊትሽን ወደ እሷ አዙሪ።

ሬቲኖሉን ከጫጉላ ስትመለሺ መቀጠል ትችያለሽ፤ ልጅ ቶሎ የምትፈልጉ ከሆነ ግን እሱንም ተዪው፣ ካፌይኑና ዩሪያው ይበቁሻል።